የአይናዲስ ጠፍር

«አሁን ‹ዝናብ› ብለሽ ጻፊ» አለች እስከዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የኔአለም ጣቷን ሰፌዱ ላይ የተነጠፈው ተልባ ውስጥ ነከረችና ‹ዝ›ን ጻፈች፤ ቀጥላ ‹ና›ን። ከዚያ ቆም አለች።

«ዝናብ አልወድም። ይወጋል።»

«አውቃለሁ የኔ እመቤት። ብትጽፊው አይወጋም።»

ተልባ ለስላሳ ነው፤ አይቧጥጥም፣ አይጮህም። ጠመኔ ቢሆን ገና ሰሌዳውን ሲነካ ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ታለቅስ ነበር። እርሳስም ወረቀት ላይ ሲጭር ያማታል። ድምፅ እንዴት ያማል የሚል ካለ እሷን ይጠይቅ።

ካቻምና እዚሁ ደምበጫ አንደኛ ክፍል አስገብተዋት ነበር። የተማሪ ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው በብረት በቀጠቀጠው ቁጥር የኔአለም ከዴስክ ስር ገብታ ፊቷን ትቧጭራለች። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ለአንዷ ምን ያድርግ? «ለጊዜው እቤት ትረፍ» አላቸው። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወስደው አስመረመሯት፤ ጆሮዋም ዓይኗም ደህና ነው ተባሉ። ደህና ከሆነማ ሰይጣን ነው፣ አለ ሰፈሩ። ሰፈር መቼም መልስ አጥቶ አያውቅም።

እስከዳር አስረኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ በዚያችው ትምህርት እቤቷ አስተማሪ ሆነች። ልጇንም እንደ ትምህርት አጠናቻት። ቀስ ብለው ሲነኳት ትደነግጣለች፤ ጠበቅ አድርገው ሲያቅፏት ግን ትረጋለች። የሱፍ ልብስ ያቃጥላታል። ከሁሉ የከፋው ጠብታ ነው፤ ፊቷን እንኳ የምታጥባት በእርጥብ ጨርቅ ተጭና ነው፣ እሱም በለቅሶ።

በሩ በዱላ ተመታ። የኔአለም ዘልላ ግድግዳው ጥግ ተወሸቀች።

እትዬ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ባሏን ምናለን ያሳደጉት አክስቱ። ከደጀን የሚመጡት ለቅዳሜ ነው ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ደረሱ። ምናለ ቢጫ ጄሪካን ተሸክሞ ከኋላቸው ገባ። የእስከዳርን ዓይን ሸሸ። እስከዳር የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ያለ እሷ እንዳለቀ ገባት።

ባልቴቷ ሰላምታ ሰጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡና ሰፌዱን አዩት።

«እህሉን መጫወቻ አደረጋችሁት?»

«መማሪያዋ ነው እትዬ። ማንበብ ጀምራለች እኮ!»

«በተልባ!» ሳቅ አሉ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ነው ልጄ። ግድ የለሽም፣ ጸጥ ትላለች።»

ጓዛቸውን ፈቱ። ለልጅቱ አዲስ ነጭ ቀሚስ አወጡ፣ ቀጥለው ዳቦ ቆሎ። ከሥሩ የተጠቀለለ ጠፍር ወጣ፤ ላብ የጠጣ፣ መሀሉ የጠቆረ ቆዳ። እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ይህ ምንድን ነው እትዬ?»

«የአይናዲስ ነው።»

አይናዲስ ልጃቸው ነበረች። እስከዳር የምታውቀው ሳትዳር መሞቷን ብቻ ነው፤ ምናለ ስሟን አያነሳም።

«እልከኛ ነበር የያዛት» አሉ ባልቴቷ። «ጠበሉ ዘንድ አላስጠጋ ሲል በዚህ ነበር የምንይዛት። በሁለተኛው ሱባኤ ለቀቃት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ… አረፈች።» መዳፋቸው ጠፍሩ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። «ግን ድና ነው የሞተች። ልጄ ድና ነው የሞተች።»

እስከዳር አዘነችላቸው። ወዲያው ደግሞ ፈራች። ምክንያቱም ሴትዮዋ አይዋሹም፤ ከልባቸው ነው።

ከምሳ በኋላ የነፍስ አባታቸው ቄስ አካለ ወልድ መጡ። የጠራቸው ምናለ ነው፤ ጄሪካኑ የጠበል ነበር። እስከዳር መስቀላቸውን ተሳልማ እዚያው እግራቸው ስር ቀረች።

«አባቴ፣ ጠበሉን ትጠጣው። ፊቷ ላይ አይርጩባት። ጠብታ አትችልም።»

«መጠጣቱም ያው በረከት ነው» አሉ ቄሱ።

«እኽ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «ሰይጣን ተለምኖ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ይረጭ!»

ቄሱ ወደ አባወራው ዞሩ። ምናለ ኮፍያውን በእጁ ያሻል።

«ምናለ፣ ዝናብ ሲነካት ምን እንደምትሆን ታውቅ የለም?» አለች እስከዳር።

«ይርጩት አባ» አለ እሱ። «ቁርጡን እንወቀው።»

ጸሎቱ ደረሰ። ቄሱ ቅጠሉን ጠበሉ ውስጥ ነክረው አንድ ጊዜ ረጩ፤ ገና አንድ ጊዜ።

የኔአለም ጮኸች። «ይወጋል! ይወጋል!» እያለች ፊቷን በጥፍሯ ቧጨረችው፤ በእግሯ ሰፌዱን ገለበጠችው፤ ሊይዛት የዘረጋውን የአባቷን እጅ ነከሰችው።

«ተቃጠለ!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ተነሥተው። «ሰማችሁ? በአንደበቱ ተናገረ!»

ቄሱ አማተቡ። «ጠበል ሲነካው የሚጮህማ…» ብለው ተዉት። ያልጨረሱት ነገር ቤቱ ውስጥ ቀረ።

«በጉድጓድ ውሃም ትጮሃለች!» አለች እስከዳር። «ፊቷን ባጠብኳት ቁጥር፣ ጧት ጧት ትጮሃለች! ጠይቁኝ እንጂ፣ እናቷ ነኝ!»

ባልቴቷ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ጧት ጧት ሲጮህ ኖሯላ። አንቺ ነሻ በር ዘግተሽ ያሳደግሽው።»

እስከዳር ማስረጃ ብላ ያቀረበችው ወንጀል ሆነባት።

«ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ደጀን ጠበሉ ዘንድ እንወስዳታለን» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «አንቺ ቅሪ። የእናት አንጀት ሱባኤ ያፈርሳል።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው» አለ ምናለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። የተነከሰውን እጁን በሌላው ይዟል።

ቄሱ ሊሄዱ ተነሡ። እንደ ወጉ ምናለና እትዬ ጥሩነሽ ሊሸኟቸው እስከ አጥሩ በር ወጡ።

እስከዳር ሁለት ጋቢ ደራርባ ልጇን ጠቀለለቻትና በሙሉ ኃይሏ አቀፈቻት። የልጅቱ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ረጋ።

«ዝናቡ አባራ?» የሚል ድምፅ ከጋቢው ውስጥ መጣ።

«አባራ።»

ዋሽታለች። ከውጭ የእትዬ ጥሩነሽ ድምፅ ይሰማል፤ ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ይሻላል፣ ልጅቱን ከመስኮቱ በኩል አድርገን እንይዛታለን ይላሉ። ጠፍሩ መደቡ ላይ እንደተጠቀለለ ነው።

ተነሥታ አነሣችው። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። በሩን ዘጋች። ጠፍሩን በበሩ ቀለበት አሾልካ መቃኑ ላይ ሦስቴ አዞረችና መዳፏ እስኪላጥ ስባ ቋጠረችው። ለጊዜው እንጂ ለዘላለም እንደማይይዝ ታውቃለች። ቢላዋ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፤ እናትየዋንም ይዟታል ይባላል። ይህን ሁሉ እያወቀች ቋጠሮውን ደገመችው።

ከዚያ የተደፋውን ተልባ በመዳፏ ሰብስባ ሰፌዱ ላይ አነጠፈችና ልጇ ፊት አኖረችው።

በሩ ተገፋ።

«እስከዳር? በሩን ምን ነካው?» አለ ምናለ ከውጭ።

እስከዳር ሰፌዱን ወደ ልጇ አስጠጋች።

«እሷንም ይዟታል! አላልኩህም? ስበረው!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

የኔአለም እጆቿን ወደ ጆሮዋ ወሰደች።

«‹ዝናብ› አንድ ፊደል ቀርቶት ነበር» አለች እስከዳር በሹክሹክታ። «ከ‹ዝ› ጀምረሽ ጨርሺው።»

ልጅቱ በሩን አየች፤ እናቷን አየች። አንዱን እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ሦስቱንም ፊደል ጻፈች።

የምናለ ትከሻ በሩ ላይ አረፈ። ግድግዳው ተናጋ፣ መደቡ ተናጋ፤ ተልባው ሸርተት ብሎ ቃሉን ሸፈነው። ጠፍሩ ያዘ።

«እንደገና ጻፊው» አለች እስከዳር።