ሉባባን የሚያውቅ ሰው

በዛብሽ ከስለላ ሥራ በጡረታ ከተሰናበተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ ዘጠኝ ክፍል ያላት ሆቴል ከፍታ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ታሳርፋለች። ካርቱም ላይ ሉባባ ተብላ፣ የወሎ እስላም ነኝ ብላ፣ ምግብ ቤት ውስጥ እየሠራች ስምንት ዓመት መሰለሏን የሚያውቅ እዚህ ከተማ ማንም የለም ብላ ታምን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምንያህል የሚባል ጎልማሳ መጥቶ ማኪያቶ አዘዘ። አስተናጋጇ ዘወር እስክትል ጠብቆ፣ «እትዬ በዛብሽ፣ ከቢሮ ነኝ። አቶ ጌታቸው ሰላም ብለውዎታል» አላት።

ጌታቸው የድሮ አለቃዋ ነው። እጇ ላይ ያለውን ፎጣ ማጠፍ ጀመረች።

«ጡረታ ወጥቻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«ሦስት ቀን ብቻ። ሱሩር የሚባል፣ ካርቱም የምግብ ቤቱ ደንበኛ የነበረ ነጋዴ ጦርነቱን ሸሽቶ መጥቷል። ነገ እዚህ ያርፋል። እሱ የሚያውቀው ሉባባን ነው፤ ሉባባን ይሁኑልንና ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይንገሩን።»

እምቢ ማለት ነበረባት። ግን ያን ስም ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ዘመኗ! እሺ አለች። ለምን እንዳለች ለራሷም አልገባት። ማታውን ማተቧን ፈታች፤ ለወጥ ቤቷ ለሰናይትም፣ «ነገ አንድ እንግዳ ሉባባ ብሎ ቢጠራኝ እንዳትስቂ» አለቻት።

«ደግሞ ምን ሆኑ፣ እትዬ?» አለች ሰናይት።

ሱሩር አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ጢሙ ነጥቶ መጣ። «ሉባባ! አልሐምዱሊላህ!»

«ወላሂ፣ አንተ ነህ ሱሩር?» አለች። ቃሉን አስባ አልነበረም የተናገረችው። ካፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

ሁለት ቀን ሙሉ ተከታተለችው። ከማንም ጋር አልተገናኘም። ኮኞ ኮኞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል፤ ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከዚያ ይጠይቃታል። አራት ቁጥር ያረፈው ፈረንጅ የየት አገር ነው? መቼ ይሄዳል? ማን ይጎበኘዋል? የጥያቄዎቹ አካሄድ አዲስ አልሆነባትም። እሷም በጊዜዋ እንዲሁ ነበር ሰው የምትጠይቀው።

ዓርብ ቀን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ አስገዝታ ምሳ አቀረበችለት። አብራው ካልበላች ይጠረጥራል ብላ፣ ጾሟን ልትገድፍ እጇን ሰደደች።

«ተይው፤ ዓርብ ነው» አለ ሱሩር።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሉባባ አለመሆንሽን ያወቅኩት ካርቱም እያለን ነው። ደሴ አብዱራሕማን የሚባል ወንድም አለኝ ትይ አልነበር? ለሥራ ስሄድ ሰላምታሽን ላደርስ ፈለግኩት። ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅኩ፤ የሚያውቀው የለም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ይቺ ሴት ወንድም ከፈጠረች እውነተኛ ባይኖራት ነው ብዬ አዘንኩልሽ።»

እውነተኛ ወንድም እንዳልነበራት አስታወሰች። ለአብዱራሕማን ግን ረመዳን በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ትጽፍ ነበር፤ የሐሰት ማንነቷ እውነት እንዲመስል ብላ። ለዚያ ብቻ ነበር? እሱን ዛሬ እርግጠኛ አልሆነችም።

ሱሩር ሳህኑን ገፋ። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ምንያህል የሚባል ሰው የመኖሪያ ፈቃድ አስጨርስልሃለሁ፣ ሉባባ ዘንድ ማን ማን እንደሚያርፍ አጣራልኝ ብሎ ነው የላከኝ።»

በዛብሽ ብድግ ብላ ምንያህል የሰጣትን ቁጥር ደወለች። ዝግ ነው። አዲስ አበባ ጌታቸው ቤት ደወለች፤ ሚስቱ አነሳች።

«ሰላምታ ላከልኝ?» አለች ሴትዮዋ። «ጌታቸውማ እኔንም ማወቅ ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በዛብሽዬ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ምንያህል እሷን ነው በሱሩር ያስጠበቃት፣ ወይስ ሱሩርን በእሷ? ወይስ የፈለገው ፈረንጁን ነው? እያገላበጠች አሰበች፤ አንዱም አልያዝ አላት።

«ለማን ነበር ታዲያ ስንሠራ የሰነበትነው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አለ ሱሩር፣ ሳቁ መጣ። እሷ መሳቅ አቃታት። «ለመሆኑ ስምሽ ማነው?» አላት።

«ሉ...» ብላ አቆመች። «በዛብሽ።»

ሱሩር አልሄደም። በዛብሽ የአገሬውን የጁባ ዐረብኛ አቀላጥፋ የምትናገር ዶርቃ የተባለች ጎረቤቷን ለምና ፈቃዱን በወጉ አስጨረሰችለት፤ ገበያው ውስጥም ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈተ።

ከወር በኋላ ቡሉክ የሚባለው ሰፈር ምንያህል ከመኪና ሲወርድ አየችው። መንገዱን ተሻግራ ፊቱ ቆመች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በአክብሮት፣ «ይቅርታ፣ እናቴ፣ እንተዋወቃለን?» አላት። ዓይኑ ውስጥ የማወቅ ምልክት አልነበረም።

ለሱሩር ነገረችው።

«እሱ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ?»

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። የማክሰኞውን ሰው ፊት ልታስታውስ ሞከረች፤ የመጣላት ግን የቡሉኩ ሰው ፊት ነው።