በአናቱ የቆመ ምሰሶ

ከእመት ኪኑዬ ቤት የወለቀው ምሰሶ መጋዘን ውስጥ በጉማጆች ላይ ተጋድሞም ማቃሰቱን አልተወም። ጣራ ተሸክሞ ሳለ አቃሰተ፣ ይሁን፤ አሁን ግን ከላዩ ከአየር በቀር ምን አለበት? ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጠብቆ፣ ታሞ እንደተኛ ሽማግሌ ረዘም አድርጎ ያቃስታል። አናጢዎቹም ያን ጊዜ ዕቃቸውን ሰብስበው ውልቅ ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ሰዓት የጠየቀ የለም።

እድሳቱን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ኦጊታ እንጨት ሲደርቅ ይጮኻል ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፣ ይጮኻል። ግን በየቀኑ ያው ሰዓት ላይ የሚጮኽ እንጨት አይቶ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቁት ወደ ካሜራው ዞረ።

ቤቱ የቀድሞ የመንደር ሹም ቤት ነው። በቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ሊታደስ ተወሰነና የሣር ክዳኑ ተነሥቶ፣ አጥንቱ አንድ በአንድ ቁጥር እየተለጠፈበት ወለቀ። የሥራው ደንብ ያረጀውን መጣል አይደለም። ጤነኛ እንጨት ወደነበረበት ይመለሳል፤ እግሩ የበሰበሰ ምሰሶ የበሰበሰው ብቻ ተቆርጦለት፣ በዚያው ዓይነት አሮጌ እንጨት ይቀጠልለታል። አለቃው አናጢ ጌንሱኬ በዚህ ደንብ ያደገ ነው። ጢሙ የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሲቆጣ ግን መጋዙ እንኳ የሚፈራው ሰው ነው።

ያ ምሰሶ ግን ከደንቡ ውጪ ነበር። ከጥንቱ ቤት ጋር የተሠራ አይደለም፤ ከአርባ ዓመት በፊት የጌንሱኬ አባት ኡዌሞን ቤቱን ሲጠግን ያስገባው ጥድ ነው። ደግሞም በአናቱ የቆመ ነበር። በዚያ አገር እንጨት እንደበቀለ ይቆማል፣ ሥሩ ወደ መሬት፣ ጫፉ ወደ ሰማይ። ገልብጦ ያቆመ አናጢ ቤቱን ያስለቅሳል፣ ባለቤቶቹን ዕረፍት ይነሳል ይባላል። ስሙም ከወደቀበት እስከ ልጅ ልጁ ድረስ አይነሣም። የዚህ ምሰሶ አንጓዎች፣ ቅርንጫፍ የበቀለባቸው ቦታዎች፣ ወደ ላይ መመልከት ሲገባቸው ሁሉም ቁልቁል ያዩ ነበር። የወራጆቹ መግቢያ ቀዳዳ ስለተቆረጠበት ደግሞ እንደገና ገልብጦ ማቆም አይቻልም።

ይህን ጥፋት የሠራው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የጌንሱኬ ታናሽ ወንድም ሪኪቺ ነው። ግራኝ ነበር። አባታቸው ኡዌሞን፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ኩሩ ሰው ነበር፤ የልጁን ግራ እጅ እንደ ነውር ያየው ነበር። ያን ዓመት ቤቱ ተጠግኖ የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ጣራው ላይ ሲተኛ ምሰሶው ማቃሰት ጀመረ። የእመት ኪኑዬ ባል ለአዲስ ዓመት የተሰበሰበ እንግዳ ባለበት ኡዌሞንን አስጠራው። ኡዌሞን ምሰሶውን አየ፣ አንጓዎቹን አየ፣ ዞረና ሪኪቺን ሰው ሁሉ ፊት በጥፊ አጮለው። «የግራኝ ሥራ!» አለ። ምሰሶውን ማውጣት ቤቱን ማፍረስ ስለሆነ እስከሚቀጥለው እድሳት ይቆይ ተባለ።

ሪኪቺ አባቱን አልተመለከተም። ወንድሙን ነበር የተመለከተው። ጌንሱኬ ያን መኸር በሌላ ሸለቆ ሲሠራ ስለከረመ ማን ምን እንደቆረጠ አላየም፤ ግን ወንድሙን ያውቀው ነበር፣ ጥንቁቅ እጅ ነበረው። ያውቀው ነበርና አቀርቅሮ የእግሩን ጣቶች አየ። ሪኪቺ በዚያው ከሰዓት በኋላ በተራራው መተላለፊያ ሄደ። በረዶው ሲቀልጥ የሣር ካባው ብቻ ተገኘ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል እንጂ! የጌንሱኬ ዝምታ አርባ ዓመት ሙሉ ከውስጥ ሲነቅዝ ነው የኖረው። እሱ ግን የወንድሙ ጥፋት የተባለውን ከእመት ኪኑዬ ቤት ነቅሎ ካቃጠለ የሚገላገል መስሎት ነበር።

ምሰሶው ወደ መጋዘኑ ከገባ ወዲህ ሌላ ነገር ጀመረ። ጌንሱኬ ማታ ሥራ ሲያበቃ መሮውን ከሥራ ሳንቃው በስተቀኝ ያስቀምጣል፤ ጠዋት በስተግራ ያገኘዋል። እጀታው ለግራ እጅ እንዲመች ዞሮ። አንድ ቀን ረስቼው ይሆናል አለ። ሲደጋገም ጊዜ ደሙ ፈላ፣ በቀልደኛነቱ የሚታወቀውን ታሜዞን ጠርቶ አፋጠጠው።

«እኔ?» አለ ታሜዞ። «አለቃ፣ ያንተን መሮ ከምነካ የነብር ጭራ ብይዝ ይሻለኛል። ነብር እንኳ አንዳንዴ ይጠግባል።»

ሌሎቹ ሳቁ። ጌንሱኬ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑን ቆልፎ ቁልፉን በአንገቱ አንጠልጥሎ መሄድ ጀመረ፤ መሮው ግን ጠዋት ጠዋት በስተግራ ነው።

እመት ኪኑዬ ምሰሶው ዓይኗ እያየ እንዲቃጠል ለመነች። ባሏንም ልጇንም የቀበረችው ያንን ድምፅ እየሰማች ነው። ቁልቁል ተይዞ ደም አናቱ ላይ የወረደበት ሰው ድምፅ ነው ትላለች። ኦጊታም ፎቶ አነሣ፣ ለካ፣ በኋላ የገባ ስለሆነ ቢወገድ አልቃወምም አለ። እንግዲህ የሚከለክል የለም። በግቢው ማዶ ድርቆሽና ፍልጥ ተከመረ።

በሚቃጠልበት ቀን ጌንሱኬ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ቁልፉን ከፍቶ ሲገባ መሮው ሳንቃው ላይ የለም፣ በቀኝም በግራም። ፈልጎ ፈልጎ ምሰሶው ላይ አገኘው። ወራጅ ከሚገባበት ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ነበር። ጎንበስ ብሎ መሮውን ሲያወጣ የጠዋቷ ፀሐይ በበሩ ገብታ እስከ ቀዳዳው ወለል ድረስ አበራችለት።

ያ ቀዳዳ ከተቆረጠ ጀምሮ ወራጅ ተሰክቶበት ስለኖረ ቤቱ እስኪፈታ ዓይን አይቶት አያውቅም፤ ከዚያም ወዲህ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጡ ያየ አልነበረም። የመሮው ምት ትናንት የተመታ ይመስላል። የቀኝ እጅ መሮ የቀዳዳውን ግድግዳ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ የግራኝ ወደ ሌላው። ጌንሱኬ የወንድሙን እጅ አገኛለሁ ብሎ ነበር ያየው። ያገኘው ግን የቀኝ እጅ ነው። ወደ ሌላው ቀዳዳ ሄደ፤ ቀኝ። ሁሉንም አየ፤ ሁሉም ቀኝ ነው። ወለላቸው ላይ ደግሞ ጥግ ጥጉን በአጭር በአጭሩ የመጥረግ ልማድ አለ፤ ያ ልማድ የአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጌንሱኬን እጁን ይዞ ሙያ ያስተማረው የአባቱ።

የምሰሶን አናትና እግር የሚወስነው የሚያቆመው ሰው አይደለም፤ ቀዳዳውን የሚቆርጠው ነው። ሪኪቺ ያቆመው አባቱ ቆርጦ የሰጠውን ነው።

ጉማጁ ላይ ተቀመጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል ሰምቷል፤ ሲጠራ እንዲህ እንደሚያቃጥል ግን የነገረው አልነበረም። አባቱ የገዛ ስህተቱን አንጓዎቹ ላይ ሲያይ፣ እጁ ከአፉ ቀድማ ልጁን መታች። ልጁ ደግሞ አባቱን ሰው ፊት ዋሸህ ማለት አልቻለም። ማለት የሚችለው ሰው እግሩን ሲያይ ነበር።

ያኔ ሰይጣን ጆሮው ሥር መጣ። እሳቱ ተዘጋጅቷል። እንጨቱ ከነደደ ቀዳዳው የለ፣ የመሮ ምት የለ። የኡዌሞን ስም በየአውራጃው የተከበረ ነው፤ ጌንሱኬ ሥራ የሚያገኘውም በዚያው ስም ነው። አባትየውም ሞቷል፣ ልጁም ሞቷል፣ ማን ይጠይቃል?

ታሜዞና ሌሎቹ መጥተው ምሰሶውን አነሡት። ጌንሱኬም አንዱን ጫፍ ያዘ። ከበሩ ሲወጡ፣ ገና በጠዋቱ፣ ያለ ሰዓቱ፣ ምሰሶው ትከሻው ላይ አቃሰተ። ድምፁ በአጥንቱ አልፎ ጥርሱ ድረስ ተሰማው።

«አውርዱት» አለ።

«አለቃ፣ እሳቱ ሊለኮስ ነው እኮ።»

«አውርዱት ብያለሁ።»

እመት ኪኑዬ ቤቱ እስኪታደስ ወደተጠለለችበት ጎጆ ገብቶ ሁሉንም ነገራት። አሮጊቷ እጇን የምድጃው እሳት ላይ ዘርግታ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ሪኪቺ በተመታበት ቀን ያየችውን አወራችው። ሪኪቺ ሊወጣ ሲል ግንባሩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ፣ ላም እንደሚያባብል ሰው መታ መታ አደረገው። እሷ ጸጸት መስሏት ነበር።

«አዝኖለት ነው ለካ» አለች። «እኔ ደግሞ ስንት ዘመን ረገምኩት። በል እንግዲህ የኡዌሞን ልጅ፣ ይህን ለኔ ነግረህ አትገላገልም። ልጁ የተመታው ሰው ፊት ነው።»

ምሰሶው አልተቃጠለም። ጌንሱኬ በራሱ እጅ በመጋዝ ከፋፈለው፤ የእያንዳንዱን ቁራጭ ሥርና ጫፍ በቀለም ምልክት አደረገበት። እግራቸው የበሰበሰ ምሰሶዎች ብዙ ነበሩ። ያ ጥድ እዚያው ጣራ ሥር አርባ ዓመት የደረቀ ነውና ለቅጥያ ከሱ የሚሻል ከየት ይመጣል? ኦጊታም ደስ አለው። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ አሮጌ ምሰሶ እግር ሆኖ፣ ሥሩ ወደ መሬት፣ ጫፉ ወደ ሰማይ፣ እንደበቀለው ቆመ።

የጣራው አናት እንጨት በተሰቀለበት ቀን መንደሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። የሩዝ መጠጡ ሳኬ በቤቱ አራት ማዕዘን ፈሰሰ። እንደ ልማዱ ለተሰበሰበው ሰው የሩዝ ጥፍጥፍ ከመወርወሩ በፊት አለቃው ከላይ ሆኖ ጥቂት ቃል ይናገራል፤ ሰው የሚጠብቀው ምርቃት ነው።

«በዚህ ቤት ወንድሜ ሪኪቺ በጥፊ ተመትቷል» አለ ጌንሱኬ። «ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፋችሁት ነበራችሁ። ምሰሶውን ገልብጦ የቆረጠው አባቴ ኡዌሞን ነው፤ የእጁን ምልክት አይቻለሁ። ሪኪቺ አላጠፋም። እኔም ያን ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።»

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ጌንሱኬ የመጀመሪያውን የሩዝ ጥፍጥፍ በግራ እጁ ወረወረ። ያልለመደ እጅ ነውና አልፎ ከቦዩ ውስጥ ገባ፤ ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም ዕንባው እየወረደ አብሯቸው ሳቀ።

ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አናጢዎቹ እንደለመዱት ዕቃቸውን ሰበሰቡና ቆመው ጠበቁ። ምንም የለም። ቤቱ ዝም አለ። እመት ኪኑዬ ይህን ጸጥታ ከአርባ ዓመት ወዲህ ሰምታው አታውቅም ነበርና ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አነባች።

ጌንሱኬ መሮውን በስተቀኝ አስቀምጦ ሄደ። ጠዋት ሲመጣ በስተቀኝ አገኘው። በማግስቱም በስተቀኝ። ታሜዞ ተሻለህ አለቃ ብሎ ሊቀልድ አፉን ከፈተና የጌንሱኬን ያዘነ ፊት አይቶ ተወው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ከወጡ በኋላ ጌንሱኬ ብቻውን ቀረ። መሮውን አነሣ፤ በስተግራ አስቀመጠው፤ እጀታውን ለግራ እጅ እንዲመች አዞረው። በሩን ሳይቆልፍ ሄደ።

ጠዋት ሲመጣ መሮው እንዳስቀመጠው ነበር። የነካው የለም።