የሐጃ ኸድራ ቃጭሎች

ዘይኑ ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት ከከፈተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አጋሮ ሳለ ሙያውን ያስተማሩት አባቱ ነበሩ፤ ከአንድ ግንድ ባለሦስት እግር በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡ ሰው። ሀርጌሳ ሲመጣ ግን በርጩማ የሚፈልግ አላገኘም። የአልጋ ራስጌ፣ የቁም ሳጥን በር፣ የሱቅ መደርደሪያ ነበር የሚታዘዘው፤ እሱም ከውጭ ከሚመጣ ጣውላ በኤሌክትሪክ መጋዝ እየተቆረጠ። መሮዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣቸው፤ ከዓመት ዓመትም አልፈታቸውም።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ላፕቶፕ ታቅፋ ገባች።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ጋሽ ዘይኑ እርስዎ ነዎት?» አለችው በጠራ አማርኛ።

ናስተሆ ትባላለች። ወላጆቿ የሀርጌሳ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ጅግጅጋ ተወልዳ አድጋ፣ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምራ ነው የተመለሰችው። ቀራፂ ናት።

«በእጁ የሚፈለፍል ባለሙያ ፈልጌ ነበር» አለች። «ዋሄን ገበያን ዞሬ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ማሽን አለኝ ነው የሚለኝ።»

«እኔም ማሽን አለኝ።»

«መሮስ?»

ዘይኑ በጨርቅ ወደ ጠቀለላቸው መሮዎች ዞር ብሎ አየ። ወንበር ሳበላትና «እስቲ ቁጭ በይ» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናስተሆ አያት፣ የእናቷ አባት፣ ግመል አርቢ ነበሩ። መንጋውን ለምትመራው ግመል አንገት የእንጨት ቃጭል ራሳቸው ጠርበው ነበር። በዚያ አገር እያንዳንዱ አርቢ ቃጭሉን በራሱ እጅ ስለሚሠራ፣ ሰው ገና ግመሎቹን ሳያይ የማን እንደሆኑ በድምፁ ያውቃል። አያትየው ሲሞቱ ቃጭሉ ለልጃቸው ለኸድራ፣ ለናስተሆ እናት፣ ደረሰና ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሀርጌሳ ከአየር ስትደበደብ ኸድራ በእግራቸው ወደ ኢትዮጵያ ሸሹ። ቤቱ ከነቃጭሉ ፈረሰ። ፎቶ እንኳ አልተረፈም።

«ግን ሆዮ ድምፁን አትረሳውም» አለች ናስተሆ። እናቷን የምትጠራው በሶማልኛ ነው። «በአፏ ታሰማኛለች፤ በማንኪያ ጣውላ እየመታች ታሳየኛለች። ያንን ቀዳሁት። ከየቦታው የሌሎች ቃጭሎችን ድምፅና ልክ ሰበሰብኩ። ሁሉንም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠሁት። ይህን ድምፅ የሚያወጣ ቃጭል እንዲህ መሆን አለበት ብሎ ይኸው ሣለልኝ።»

ላፕቶፑን ወደ እሱ አዞረችው። ስክሪኑ ላይ ሆዱ የተነፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ የእንጨት ቃጭል ቀስ እያለ ይዞራል። ውፍረቱ፣ ጥልቀቱ፣ ውስጡ ተንጠልጥለው የሚመቱት ምላሶች ርዝመት በሚሊሜትር ተጽፏል። ናስተሆ ይህን አንድ ቃጭል ባዶ አዳራሽ መሀል አንጠልጥላ ለኤግዚቢሽን ልታቀርበው ነው የምታስበው።

ዘይኑ መሮዎቹን ፈታ። ሁለት ቀን ሲሞርዳቸውና ሲስላቸው ዋለ። ከዚያ ከደረቅ የግራር ግንድ ቃጭሉን በአራት ቀን ጨረሰው። መጀመሪያ እጁ እምቢ ብሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን መሮው እንጨቱን እንደ ቅቤ ሲልጠው፣ እንደ አባቱ ከንፈሩን ነክሶ መቀመጡን አስተዋለ። ሚስቱ ሰብሪያ ምሳ ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ሁሉ ተለወጠብኝ እኮ» አለችው።

ቃጭሉ ባለቀ ዕለት ሐጃ ኸድራ ከልጃቸው ከናስተሆ ጋር ከአስር ሶላት በኋላ በባጃጅ መጡ። ነጠላ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘይኑ ቃጭሉን ነቀነቀው።

«ማሻ አላህ፣ ጥሩ ድምፅ ነው» አሉ በስደት ዘመናቸው ጅግጅጋ ጨርቅ ሲሸጡ በለመዱት አማርኛ። «ግን ይቺን ግመል አላውቃትም።»

ናስተሆ አንገቷን ደፋች። «ልኩ አልተሳሳተም እኮ፤ ለክቼዋለሁ!»

«ልኩስ ልክ ነው» አለ ዘይኑ። «ያንቺ ኮምፒዩተር እንጨት ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ከአንድ ዛፍ እንኳ ፀሐይ የሚመታው ጎንና ጥላ የሚውልበት ጎን አንድ ዓይነት አይጮኹም። አባባ ግንድ ሳይገዙ በፊት በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ይለጥፉ ነበር።»

«ታዲያ እርስዎ የሚሰሙትን እንንገረዋ!»

ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ተለወጠ። ዘይኑ ጉማጁን ያንኳኳል፣ ይመዝናል፣ የእንጨቱ ጅማት እንዴት እንደሚወርድ ይናገራል። ናስተሆ ድምፁን ቀድታ ከዘይኑ ቃል ጋር ወደ ኮምፒዩተሩ ታስገባለች። ማሽኑም ለእያንዳንዱ ጉማጅ የተለየ ሥዕል ያወጣለታል። ዘይኑ ሥዕሉን ተከትሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ስክሪኑን ትቶ በጆሮው እየሰማ ያሳሳዋል። ሐጃ ኸድራም በየሳምንቱ እየመጡ ያዳምጣሉ።

«አላውቃትም» ይላሉ። «እሷም አይደለችም።»

ስድስተኛው ላይ ግን ዘለው ተነሡ።

«ድገመው!» ዘይኑ ደገመው። ሴትየዋ ሳቁ፤ እየሳቁ ዕንባቸው ወረደ። «ይሄ የአባቴ አይደለም። የመሀድ ነው! የጎረቤታችን የመሀድ! ያቺ ነካሽ ግመሉ! ውኃ ጉድጓዱ ጋ ሁልጊዜ ቀድማ ትደርስ ነበር።»

ያን ዕለት ወደ ቤታቸው የመሄድ ነገር ተረሳቸው። ስለ መሀድ፣ ስለ ጉድጓዱ፣ ዝናብ ሲዘገይ እናታቸው ወተት እንዴት እንደሚያካፍሉ ሲያወሩ ፀሐይ ጠለቀች። ናስተሆ ይህን ሁሉ ከእናቷ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ በኋላ አሥረኛው የሌላ ጎረቤታቸው የዓብዲከሪም ሆነ፤ አሥራ አራተኛው ደግሞ ሐጃ ኸድራን በልጅነታቸው ሊያጫቸው ፈልጎ የተከለከለው የአንድ ሰው። ስሙን ግን ልጃቸው ፊት አልነግርም አሉ።

የአባታቸው ድምፅ ብቻ አልመጣም።

ሃያ ሦስተኛው ላይ ሐጃ ኸድራ ቃጭሉን ከዘይኑ እጅ ተቀበሉ። ራሳቸው ነቀነቁት፤ ከዚያ ምላሶቹን በመዳፋቸው ያዟቸው።

«ይሄ በጣም ቀርቧል» አሉ። «በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሙ።»

«ሆዮ፣ አንድ እርምጃ እኮ ነው የቀረን!» አለች ናስተሆ።

«እሱን ነው የፈራሁት። ከዚህ ትንሽ ከተጠጋ፣ ጆሮዬ እሱ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ የአባቴ ይጠፋብኛል። እስከዛሬ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው።»

ናስተሆ ተናደደች። ስንት ወር የለፋችበት ለዚያ አንድ ድምፅ ነበር። ላፕቶፑን ዘግታ ወጣችና አምስት ቀን ጠፋች። ዘይኑም አልደወለላትም፤ ቃጭሎቹን ግን ከሥራ ቤቱ ጣሪያ በገመድ አንድ በአንድ ሰቀላቸው። በስድስተኛው ቀን ስትመለስ ነፋስ ገብቶ ያንጓጓቸዋል። በሩ ላይ ቆማ ብዙ አዳመጠች።

«አንዱን ብቻ ነበር የምፈልገው» አለች በመጨረሻ። «ለካ ሰፈሩ ሁሉ መጥቷል።»

በኤግዚቢሽኑ ቀን ሃያ ሦስቱም በአዳራሹ ጣሪያ ላይ በልዩ ልዩ ከፍታ ተንጠለጠሉ፤ ግመሎች ተሰልፈው የሚያልፉ ይመስል ነበር። ከሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ናስተሆ የራሷን፣ የዘይኑንና የእናቷን ስም እኩል ጻፈች፤ ንድፉ በኮምፒዩተር መታገዙንም አልሸሸገችም። ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው እያዳመጡ «ይሄ የኛ ነው»፣ «የለም፣ የእነእገሌ ነው» እየተባባሉ ተከራከሩ። ሐጃ ኸድራ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዳኟቸዋል።

ዘይኑ ከአዳራሹ ወጥቶ አጥሩ ጥግ ቆመና አጋሮ ላለው ወንድሙ ለታጁ ደወለ።

«ደኅና ነህ? ምን ተፈጠረ?» አለ ታጁ ደንግጦ፤ ያለ ዒድ አይደዋወሉም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። አባባ ሲጠርቡ የሚያንጎራጉሩት እንዴት ነበር?»

ታጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ በአፍንጫው ጀመረው። ዘይኑም ተቀበለው። ሁለቱም እኩል እዚያው አንድ ቦታ ላይ ደርሰው ቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጠፋባቸው።

«እንደገና ከመጀመሪያው» አለ ዘይኑ፣ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው እያዞረ።