የክሽክሹ ባለቤት

የእኛ ሰው በሽታውን አይናገርም። የሚገድል በሽታ የያዘው ሰው እንኳ «ትንሽ ጨጓራዬን ነው» እያለ ይሞታል። ምን እንደነበረበት የምንሰማው ለቅሶ ላይ ነው፤ እሱንም በሹክሹክታ። ይህንን ድሮም አውቃለሁ። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር ይኸው ልማድ ለባቄላም እንደሚሠራ ነው።

ሲያትል ከተማ፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከልጄ ቤት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ የፈረንጆች በጎ አድራጎት ማኅበር ለእኛ ለስደተኞች እየከፋፈለ የሚሰጠው መሬት አለ። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ መደብ ደርሶናል። ባቄላ እንዘራለን፣ በቆሎ እንዘራለን፣ ጎመን እንተክላለን። ኪራይ የለውም። ያለው አንድ ሕግ ነው፦ መርዝ መርጨት ክልክል ነው። ተባይም ሆነ አረም ሲመጣ በእጅ፣ በውሃና በብልሃት ነው የምንከላከለው።

ሰው ለመሬት ለምን እንደዚህ ትሆኚያለሽ ይለኛል። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ልጄ ጋ ነው። ምራቴ ሃኒ ክፋት የለባትም፤ እንዲያውም ደግነቷ ነው የገደለኝ። ቢላ ሳነሳ «ማዘር፣ ይተዉት፣ እኔ አደርገዋለሁ» ትለኛለች። ልብስ ልጠብ ስል ማሽኑን አያውቁበትም እባላለሁ። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ እቀመጣለሁ። ሶ፣ ያቺ መደብ በዚህ አገር እጄ ሥራ የሚሠራባት ብቸኛ ቦታ ናት። እሷን ካጣሁ የቀረልኝ ቴሌቪዥን ነው።

የእኛ የስደተኞቹ ሊቀመንበር ጋሼ ኃይለ መስቀል ናቸው። በንጉሡ ጊዜ የተማሩ፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ፣ ለአትክልት እንኳ ከረባት አስረው የሚመጡ ሰው ናቸው። አስተርጓሚያችንም እሳቸው ናቸው። በየቅዳሜው ሊንዳ የምትባል የመሬቱ ተቆጣጣሪ ትመጣና በሳቸው በኩል አንድ ጥያቄ ትጠይቀናለች፦ በዚህ ሳምንት ምን ተባይ፣ ምን አረም፣ ምን በሽታ አያችሁ?

ሊንዳ አይዋ በሚባል፣ ሰማይና በቆሎ ብቻ በሚታይበት አገር ያደገች የገበሬ ልጅ ናት። እዚያ ሰኔ ሲገባ ገበሬው ሁሉ እርሻውን እየዞረ ያያል አለችን። ቆራጭ ትል የትኛውን በቆሎ ከሥሩ እንደበላው፣ አኩሪ አተሩ ውስጥ ምን አረም እንደበቀለ፣ ቅጠሉ ላይ ዋግ መውጣት አለመውጣቱን ያያል። ካየ በኋላ ጠዋት ቁርስ ቤት ገብቶ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ይናገራል። አባቷ አጠገቡ ቁርስ ለሚበላውም፣ ለቄሱም፣ ለአሳላፊዋም «አረም በላኝ» እያለ ሲያወራ ነበር ያደገችው። እኛ ይህንን ስንሰማ ተያየን። ምን ዓይነት ገመና የሌለው ሕዝብ ነው!

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት መደቤ ጋ ስደርስ ከባቄላዬ አንዱ ጫፉ ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ክሽክሽ ነው። ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ ጥቁር ነፍሳት ናት፤ ለጋው ጫፍ ላይ ተደራርባ ትሰፍርና የተክሉን ውሃ ትመጥጣለች። መድኃኒቷ ቀላል ነው። ጫፉን ቆርጦ መጣል ነው፣ ግን ሁሉም ሰው በአንድ ሰሞን መቁረጥ አለበት፤ አለዚያ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየዞረች ትመለሳለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ጎረቤቴ ወደ ማንአልሞሽ ሄድኩ። ማንአልሞሽ ኤርፖርት ጽዳት ትሠራለች፤ የማታውቀው የሰው ጉዳይ የለም።

«ባቄላሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን! ምን ይሆናል?» አለችና ነጠላዋን ዘርግታ ከፊቱ ቆመች።

ማንአልሞሽ ቀጭን ናት። ባቄላው በግራም በቀኝም ከኋላዋ ይታያል። ጫፉ ጥቁር ነው።

ከማል ጋ ሄድኩ። ከማል ታክሲ የሚነዳ ጨዋ ልጅ ነው። ሥራ ሳይገባ በማለዳ መጥቶ ባቄላው ላይ ውሃ እየረጨ ነው። ውሃው አረፋ አለው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናው ጠርሙስ ከእግሩ ሥር ተቀምጧል።

«ምነው ከማል፣ ምን አገኘው?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ የውብዳር። ዝም ብዬ ውሃ ላጠጣው ብዬ ነው። ኦኬ ነው።»

ጋሼ ኃይለ መስቀል ደግሞ መደባቸውን በሙሉ በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል። ከሥሩ ምን እንዳለ እንዳይታይ ዳር ዳሩን ድንጋይ አስቀምጠውበታል። ምነው ብላቸው «ከፀሐይ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ሲያትል ውስጥ! በሰኔ! እኛ ጃኬት ለብሰን፣ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቶብን!

ያን ቀን ተመልሼ የራሴን ጫፍ ቆረጥኩና ዝም አልኩ። እኔስ የማን አገር ልጅ ነኝ?

ቅዳሜ ሊንዳ መጣች። ምን አያችሁ? ጋሼ ኃይለ መስቀል እኛን ሳያዩ «ናቲንግ» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ናቲንግ። ከዚያ ወዲያም ናቲንግ። እሳቸው ናቲንግ ባሉ ቁጥር ሰው ሁሉ እፎይ ይላል፣ ባቄላው ደግሞ እየጠቆረ ይሄዳል።

በመጨረሻ ሊንዳ ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች መናገር ጀመረች። አባቷ በዚያ ሁሉ መድኃኒት እንኳ በየሳምንቱ ተባይ ያገኝ ነበር። እናንተ ያለ መድኃኒት አንድም አላገኛችሁም። ይህ አይሆንም። ስለዚህ ተደብቃችሁ መርዝ እየረጫችሁ ነው። ማኅበሩ መርዝ በተረጨበት መሬት ላይ ምግብ አያበቅልም። መሬቱን ፒክልቦል ለሚባል የኳስ ጨዋታ ሜዳ የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ።

«መርዝ ትረጫላችሁ ነው የምትለው» አሉ ጋሼ ኃይለ መስቀል። «መሬቱን ልትነጥቀን ነው።»

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። መርዝ የረጨ ሰው የለም። ይህንን ለማሳመን አንድ ሰው ብቻ «ክሽክሽ አለብኝ» ቢል ይበቃል። አንድ ሰው! ማንአልሞሽን አየኋት፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከማል ስልኩን ቼክ ያደርጋል። ጋሼ ኃይለ መስቀል ከረባታቸውን ይዘዋል። ከሚያፍሩ መሬታቸውን ቢያጡ ይሻላቸዋል። እኔን ሶፋው ታየኝ። የሃኒ ቤት ያ ሶፋ።

መደቤ ገባሁና ክሽክሹ የተመለሰበትን አንድ የባቄላ ጫፍ ቀጥፌ ሊንዳ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩላት። ክሽክሹ ይርመሰመሳል።

«ማይን» አልኳት፣ የእኔ ነው ማለቴ። «ሜኒ። ቬሪ ሜኒ።»

ሊንዳ ወርቅ እንደሰጠኋት ሁሉ ፊቷ በራ። ውብ ነው አለች። እንደዚህ የጠገበ ክሽክሽ መርዝ ባለበት አይኖርም አለች። መሬቱ ተረፈ። ከዚያም ይህ እንዳይዛመት ሁላችሁም ዛሬውኑ የባቄላችሁን ጫፍ ቁረጡ ብላ አዘዘች።

ሁሉም ቆረጡ። እንዴት እንደቆረጡ ባያችሁ! ማንአልሞሽ እየቆረጠች «እንግዲህ ለጎረቤት ሲባል ምን ይደረጋል» ትላለች። ጋሼ ኃይለ መስቀል ከጨርቃቸው ሥር እጃቸውን አስገብተው፣ ሳይገልጡ፣ በዳበሳ ቆረጡ። በሳምንቱ የሁሉም ባቄላ አገገመ። አንድም ሰው አመሰግናለሁ አላለኝም።

እንዲያውም እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ሴቶቹ ንግግራቸውን አቋረጡ። ማንአልሞሽ «ከጎኗ ሆኜ ለጥቂት ነው የተረፍኩት» ብላ እንዳወራች ሰማሁ። የአብዬን እከክ ለእምዬ ልክክ!

ማክሰኞ ደግሞ ሽማግሌ ተላከብኝ። ጋሼ ኃይለ መስቀልና ከማል የልጄ ቤት ሳሎን ገብተው ብርቱካን ጭማቂ ተቀዳላቸው። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ከዚያ ጋሼ ኃይለ መስቀል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«የውብዳር ልጄ፣ ሕዝቡ ሰግቷል። ለዚህ ዓመት ብቻ አረፍ ብትዪስ?»

«ከምን ልረፍ?»

«ከመደቡ። ተባዩ ከአንቺ ስለ ጀመረ…»

«ከእኔ ጀመረ?» አልኩ። «አንቱ፣ ከዚያ ጨርቅዎ ሥር ምን አለ? ከማል፣ ሳሙናው ለምን ነበር? ቅዳሜ ሊንዳን እጇን ይዤ ነው በየመደባችሁ የማዞራት!»

ከማልን ጭማቂው ትን አለው። ጋሼ ኃይለ መስቀል እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ሰው ይሰማል። መሬቱ ከመነጠቁ ይልቅ ይኼኛው ነው ያስደነገጣቸው። ሽማግሌ ደግሞ ሳያስታርቅ አይነሳም፣ ሃኒም ለሦስተኛ ጊዜ ቀዳች። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ እኔ መደቤን አልለቅም። በምትኩ ማንም ሰው በሽታ ሲያገኝ በስውር ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ ቅዳሜ የእኔ ነው ብዬ ለሊንዳ አሳያለሁ። ሊንዳ መድኃኒቱን ስትናገር ሁሉም ይሰማል። ማንም አያፍርም።

«አንቺ እንደሆን አንዴ ወጥቶብሻል» አሉኝ ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ እንደ ማጽናኛ።

እሺ አልኩ። ስም ነው የሚሄደው፣ መሬቱ ይቀርልኛል ብዬ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ስደርስ መደቤ ዳር ድንኳን የሌለው ሆስፒታል ነው። ቆራጭ ትል የበላው የከማል በቆሎ ከነትሉ ተኝቷል። የማንአልሞሽ ጎመን በቀንድ አውጣ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። የጋሼ ኃይለ መስቀል በቆሎ ቅጠል ዋግ ወጥቶበት የዛገ ብረት መስሏል፤ እሳቸው ግን በጨዋነት በጋዜጣ ጠቅልለው ነው የሚያስቀምጡት። አንዱማ ተጠምጣሚ አረም ከነሥሩ አምጥቶ ጣለልኝ፤ እዚያው ሥር ሰደደ።

ቅዳሜ እኔ አንድ በአንድ አነሳለሁ። «ማይን። ዚስ ኦልሶ ማይን።» ሊንዳ ታስረዳለች። ትሉን አፈር ቆፍረሽ ልቀሚ፣ አረሙን ጣት ሳያህል ንቀይ፣ በቆሎውን አታጨናንቂ። ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጆሮአቸውን አዙረው ይሰማሉ። ሊንዳ ስትሄድ ሁሉም የተባለውን ያደርጋል። መደቦቹ አማሩ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኼ ነው።

የእኔ መደብ ግን ታመመ። እንዴት አይታመም? የሰፈሩ በሽታ ሁሉ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ዋጉም ከመጡበት መመለስ አልፈለጉም። ብቆፍር፣ ብለቅም፣ ብነቅል፣ በማግስቱ ሌላ ተጥሎ ይጠብቀኛል። አንድ ጠዋት ከባቄላው መሐል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማንአልሞሽ አይታኝ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብላኝ አንድ የታመመ ቅጠል አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች።

የሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ሊንዳ መጣች። በዚያን ቀን ወደ ማንም አልሄደችም፣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። እጄን ይዛ ለረጅም ጊዜ አወራች። ከሁሉም በላይ የምትደክሚው አንቺ እንደሆንሽ አያለሁ አለች። ግን መሬት ለሁሉም ሰው አይሆንም። በሽታው ወደ እነዚህ ውብ መደቦች እንዳይዛመት መደብሽን ለጎረቤቶችሽ እናካፍለዋለን፤ አንቺ ግን በፈለግሽ ጊዜ መጥተሽ አግዳሚው ላይ ልትቀመጪ ትችያለሽ።

ይህን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ። ቢሆንም ዞሬ ጋሼ ኃይለ መስቀልን አየሁ። አፋቸውን ከፈቱ። እውነቱን ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ላንቺ አስባ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ስናደድ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ይሄዳል። ከመሬት የተከመረውን አፈስኩና በአማርኛ እየጮህኩ ለየባለቤቱ ማደል ጀመርኩ። «ይኸው ትልህ ከማል! ይኸው ጎመንሽ ማንአልሞሽ! ይኸው ዋግዎ ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ ከነጋዜጣዎ! የእኔ አንድም የለበትም! ውሰዱ! መሬቴን ብትወስዱ በሽታችሁንም ውሰዱ!»

ማንም እጁን አልዘረጋም። ቅጠሉ በየእግራቸው ሥር ወደቀ። ከማል ብቻ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ከንፈሩን ከፈተ፣ ጋሼ ኃይለ መስቀልን አየ፣ መልሶ ገጠመው።

ሊንዳ ግራ ተጋብታ ምን እያለች ነው ብላ ጠየቀች።

ጋሼ ኃይለ መስቀል ከረባታቸውን አስተካከሉ። «ታንክ ዩ እያለችሽ ነው» አሏት በእንግሊዝኛ። «በእኛ ባህል ስናመሰግን ድምፃችን ከፍ ይላል።»

ሊንዳ እጇን ዘርግታ አቀፈችኝ። በትከሻዋ በላይ አሻግሬ ሳይ ማንአልሞሽ ታየችኝ። መደቤን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ትለካለች።