ግማሽ ሹሩባ

ጀሚላን አልወዳትም። ልጄን የምታጥባት፣ የምታበላት፣ ክኒኗን ሰዓቱን ጠብቃ የምትሰጣት እሷ ናት፤ ይገባኛል፤ ግን አልወዳትም። ልጁን ለሌላ ሴት ሰጥቶ ያቺን ሴት መውደድ የሚችል ሰው ካለ ከኔ የተሻለ ሰው ነው።

ልጄ ኢክራ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሕመሟን ሐኪሙ ባይፖላር ብሎታል። አንዳንዴ ሳምንታት ሙሉ ከአልጋ አትነሳም፤ አንዳንዴ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ይጠፋና ስትስቅ፣ ስታወራ፣ ስትቆጣ ታነጋለች። አንድ ቀን እንዲህ ሆና መሳለሚያ አስፋልት መሀል ቆማ፣ እየሳቀች መኪና ስታስቆም አገኘናት። የሻሽ ሱቄ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው፤ ሱቅ እየዋልኩ እሷን መጠበቅ ሲያቅተኝ ሰባተኛ አካባቢ እንደሷ የታመሙ ልጆች የሚያድጉበት ቤት አስገባኋት። ጀሚላ የዚያ ቤት ሞግዚት ናት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጸጉሯ ነው። ኢክራ በልጅነቷ ሹሩባ ልሠራት ስል ገና ማበጠሪያውን ስታይ ታለቅስ ነበር። ለጀሚላ ግን እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ራሷን ትሰጣታለች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ያ ጥርት ያለ ሹሩባ ይጠብቀኛል። «እትዬ ሰአዳ፣ አያምርባትም?» ትለኛለች ጀሚላ። «ያምራል» እላለሁ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን ኢክራ እኔ ዘንድ እንድትሰነብት ፈቀዱልኝ። በመጣች ማግስት ሹሩባዋን ፈታሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ የጀሚላን እጅ ከልጄ ራስ ላይ ማንሳት ነው የፈለግሁት። ሱቁ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጬ እንደገና ልሠራት ጀመርኩ። ግማሹን እንደጨረስኩ ተነሳች። አስቀመጥኳት፤ ደግማ ተነሳች። «እማ፣ ገበያው እያመለጠን ነው እኮ» ብላ ራሷን እንኳን ሳትሸፍን ወጣች። ለጀሚላ ትቀመጣለች፣ ለኔ አትቀመጥም። ማበጠሪያውን ወረወርኩት።

ንዴቴን ያበረደው ገበያው ነው። ኢክራ ባንኮኒው ላይ ወጥታ ሻሽ እያውለበለበች ስትጣራ መንገደኛው ሁሉ ወደኛ ዞረ። አንድ ልትገዛ የመጣችው ግማሽ ደርዘን ይዛ ትሄዳለች። ጎረቤቴ ጋሼ ሙናዊር ከሱቃቸው ወጥተው «ሰአዳ፣ ይቺን ልጅ እስከዛሬ የት ደብቀሻት ነው? ገና ዱባይ ትመላለሳለች» አሉኝ።

ሌሊቱን ዓይኗን እንዳልከደነች አውቃለሁ። ክኒኑን «ውጬዋለሁ» ብላኛለች፤ አመንኳት። ደግሞስ ልጄ እየሳቀች እየነገደች ነው፤ የነጋዴ ልጅ ናት። እዚያ ቤት ነው ያፈዘዟት፣ ከእንግዲህ አትመለስም አልኩ በልቤ። ምነው ጀሚላ መጥታ ባየችልኝ ብዬም ተመኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ልትጠይቃት መጣች። ኢክራን ባንኮኒው ላይ አየቻት። ግማሹ የተሠራ፣ ግማሹ የተበተነ ጸጉሯን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«አልቀመጥ አለችዎት?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ላንቺ ብቻ እንድትቀመጥ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። «ልጄ እኔ ጋ ሆና ዳነች። አንቺ የምታስፈልጊው ስትታመም ነው፤ ለዚህ ነው ፊትሽ የተለወጠው።»

ጀሚላ አልተቆጣችም። «እትዬ ሰአዳ፣ ሹሩባውን በየሳምንቱ የምሠራት ለውበት አይደለም። ሕመሙ ሊነሳባት ሲል መጀመሪያ የሚያቅታት መቀመጥ ነው። በሱ ነው የማውቅባት። ሳይብስባት ሐኪሙ ጋ እናድርሳት።»

ዞሬ ኢክራን አየኋት። መሸጡን ትታዋለች። ሻሹን እያነሳች በነጻ ትበትናለች፤ ሰው ከሥሯ ይሻማል። ድምጿ ተዘግቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ አሁንም ትጣራለች። ጋሼ ሙናዊርም መሳቃቸውን አቁመዋል።

ጀሚላ እጇን ዘርግታ «ኢክራዬ፣ ነይ እንሂድ» ስትላት ልጄ ከባንኮኒው ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺን አልፈልግም» አለቻት። «እኔ እማ ጋ ነው የምኖረው። ያለችኝ እማ ብቻ ናት።»

ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ስመኛት ኖሬያለሁ። ያውም ጀሚላ ፊት። ጀሚላ አንገቷን ደፋች፤ እሷም እንደምትቀና ያን ጊዜ አየሁ፣ ደስም አለኝ። አዎ፣ እኔ ጋ ትቀራለች ብል ማንም አይከለክለኝም ነበር። ግን መሳለሚያ መሀል አስፋልት ላይ የቆመችዋ ኢክራም እንዲሁ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» ነበር ያለችኝ።

ከተረፉት ሻሾች አንዱን አንስቼ ራሷን ሸፈንኩላት። «እንሂድ፣ እኔም አብሬሽ ነኝ» አልኳት።

ላዳ ታክሲ ያዝን፤ መሀላችን ተቀመጠች። ፊቷን ከጀሚላ አዙራ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሐኪሙ ካያት በኋላ ለማን እንደማስረክባት አውቃለሁ። ስትድን ማን እግር ሥር ቁጭ እንደምትልም አውቃለሁ። ጀሚላ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ቶሎ በልልን» አለችው። እኔ ግን መንገዱ ትንሽ እንዲረዝምልኝ ፈልጌ ነበር።