ባዶ ፍላሽ

«ቆይ፣ ቆይ! ሆዴን ወደ ውስጥ ስስብ አንሳኝ። ብዙ አልቆይም!»

የሙሽራው አጎት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ማዕበሉ እግሩን እየላሰው ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ ይህ አሥራ አንደኛ ፎቶው ነው። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፤ ጣቱ ግን ማንሻውን አልነካም። ከፍላሹ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነ። ብርሃኑ ቦግ ብሎ ጠፋ።

«ጎሽ! ይቺ በትልቁ ትታተምልኝ» አለ አጎትየው፣ የያዘውን ትንፋሽ ከነሆዱ እየለቀቀ።

«እሺ።»

ምንም አልተነሳም። የሙያው ሰዎች ባዶ ፍላሽ ይሉታል። ፊልም እየተቆጠረ በሚነሳበት ዘመን የተጀመረ ዘዴ ነው፤ አልጠግብ ባይ ተጋባዥ ሲያስቸግር ብርሃኑን ብቻ ያበሩለታል፤ እሱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ፎቶ አንሺው ዘዴውን ከቀድሞ አለቃው ተማረ። እሱ ደግሞ ስቱዲዮው ውስጥ አራት ዓመት አብራው ለሠራች አንዲት ልጅ አስተማረ። ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነች፤ ዛሬ ደግሞ የሆቴሉን ባለቤት ልጅ እያገባች ነው።

ደስ የሚል ሠርግ ነበር። ከረባት ያሰረ ሰው የለም። ሁሉም ጫማውን አሸዋው ጠርዝ ላይ በተቀመጠ ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ጥሎ በባዶ እግሩ ይዘዋወራል። በአራት እንጨት ላይ የተወጠረውን ነጭ መጋረጃ ነፋሱ ያራግበዋል። ሙሽራው ከነልብሱ እየሮጠ ባሕር ገብቶ እስከ ወገቡ ርሶ ሲመለስ እናቱ እንኳ አልተቆጡም፤ ሳቁ። ፎቶ አንሺው ሠላሳ ዓመት ሠርግ ሲያነሳ እንዲህ ቀለል ያለ አላየም። ጫማውን ያላወለቀው እሱ ብቻ ነው። ካልሲው ተቀዷል።

ስቱዲዮው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ሰው ሁሉ በስልኩ መነሳት ከጀመረ ወዲህ ጉርድ ፎቶ ብቻ ቀርቶለት ነበር፤ አሁን እሱንም መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ያነሳሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሙሽራዋ ደወለችለት። «ጋሼ፣ ሠርጌን አንሳልኝ። አማቴ ለሆቴሉ ቋሚ ፎቶ አንሺ እየፈለጉ ነው። ሥራህን ይዩት፤ የቀረውን ለእኔ ተወው» ስትለው ሚስቱ ከጎኑ ሆና ትሰማ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ስትተኩስለት ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ሙሽራዋ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ እሱ መጣች።

«ጋሼ፣ ደከመህ?»

«ኧረ ምንም አልል።»

«አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው።» እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ከሩቅ ለሚያያት ስለ አበባ የምታወራ ትመስላለች። «እዚያ ጥግ የተቀመጠችውን አየሃት አይደል?»

አይቷታል። በመጨረሻው ረድፍ ሰማያዊ ሻርፕ የለበሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች። ጫማዋን ቅርጫቱ ውስጥ አልጣለችም፤ በፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። የሙሽራዋ እናት ናት። መንገድ ጠራጊ ነች። ልጇ ስቱዲዮው ውስጥ በሠራችባቸው አራት ዓመታት በየቀኑ መጥረጊያዋን ደጅ አቁማ የልጇን ምሳ ዕቃ በበሩ ታቀብል ነበር።

«እናቴ ሞታለች ብያቸዋለሁ» አለች ሙሽራዋ። «ገና ስንተዋወቅ ነው ያልኩት። አንዴ ከወጣ በኋላ እንዴት ይመለሳል? እሷም ታውቃለች፤ ተነጋግረናል። የድሮ ጎረቤታችን ናት ነው የተባለው። ግን ፎቶ ላይ ከወጣች… መልካችን ቁርጥ አንድ ነው፤ አንተ ታውቃለህ። አማቴ ደግሞ አልበም ሲያዩ መነጽር አድርገው፣ እያንዳንዱን ሰው ማን ነው፣ የማን ነው እያሉ ነው።»

«እና ምን ላድርግ?»

«እንዳይከፋት አንሳት። ግን… ባዶውን።»

ፎቶ አንሺው የካሜራውን ማንገቻ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ።

«ሚጡ» አለ። ስቱዲዮ እያለች እንዲህ ነበር የሚጠራት።

«እባክህ ጋሼ። ለዛሬ ብቻ።»

«እሺ።»

ወዲያው አልሄደም። መጀመሪያ ኬኩን አነሳ፤ ቀጥሎ ቅርጫቱ ውስጥ የተከመሩትን ጫማዎች፤ ቀጥሎ ሊነሳ የማይገባውን የወንበር ቁልል። የሚያነሳው ሲያጣ ወደ ጥጉ ተራመደ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ሚስትህ ደህና ናት?» አለች እናቲቱ ገና ሳይደርስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። እርስዎስ?»

«እኔማ ተቀምጬ ይሄን አሸዋ አያለሁ። ስንት መጥረጊያ ይጨርስ ነበር እያልኩ።» በራሷ ቀልድ ሳቀች።

«ላንሳዎት?»

ፌስታሉን ከወንበሩ ስር ደበቀች። ሻርፗን አስተካከለች። ቀጥ ብላ ቆመችና ፈገግ አለች። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አነሳ፤ ጣቱ ወደ ፍላሹ ጀርባ ሄደ።

«ባዶውን ነው አይደል?» አለች፣ ፈገግታዋ ሳይነቃነቅ።

ካሜራውን ከፊቱ አላወረደም። ማውረድ አልቻለም።

«ማታ ቤት ስትገባ እንዴት ታስቀኝ እንደነበር! ዛሬ አንዱን ወፍራም ሰባት ጊዜ ባዶ አበራንለት ትለኛለች፤ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። ግድ የለም፣ አብራው። ሰው እያየን ነው፤ ባታነሳኝ ነው ነገር የሚሆነው።»

ጣቱ ከቁልፏ ላይ ተነሳ። ማንሻውን ተጫነ። ፎቶ ሲነሳ ብቻ የምትሰማው ያቺ ደረቅ ትንሽ ድምፅ ካሜራው ውስጥ ተሰማች።

«አመሰግናለሁ» አለች ልትቀመጥ እያለች።

«ተነስቷል፣ እትዬ።»

«ተው እንጂ።»

«እውነቴን ነው። ይዩት።»

ጎንበስ ብላ ስክሪኑን በእጇ ከፀሐይ ከለለችው። ሲያነሳ እሱም አላስተዋለም ነበር፤ ከእናቲቱ ግራ ትከሻ ኋላ፣ ራቅ ብላ፣ ሙሽራዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች። ትንሽ ናት፤ ግን ጥርት ብላ ወጥታለች። አንዱ ፊት ወጣት፣ አንዱ ፊት አሮጊት።

እናቲቱ ጣቷን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ሳትነካው መለሰችው።

«አብረን ወጣን» አለች ቀስ ብላ።

«ሰኞ ስቱዲዮ ይምጡ። አትሜ እሰጥዎታለሁ።»

«ሥራ እንደጨረስኩ እመጣለሁ። ለማንም አላሳይም፣ ሳጥኔ ውስጥ ነው የማስቀምጣት። ከጠየቀችህ እንዲህ በላት።»

ሁለቱ በአንድ ስክሪን ላይ ጎንበስ ማለታቸውን ሙሽራዋ አይታለች። ፎቶ አንሺው ወደ መጋረጃው ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«እስቲ ጋሼ፣ እስካሁን ያነሳኸውን ልይ።»

ካሜራውን ከእጁ ወሰደች። አውራ ጣቷ ሥራውን አልረሳም፤ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ፈጠን ፈጠን እያደረገ አለፋቸው። ጫማዎቹ፣ ኬኩ… ከዚያ ወደ ፊት ተመልሶ አንዱ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ አየችው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ የተረሳ ይመስል ነበር።

«ብርሃኑን በደንብ አግኝተኸዋል» አለች፣ እንደ ድሮው የሥራ ባልደረባ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። ካሜራው ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አለችው።

«አማቴ ሰኞ ጠዋት ሊያነጋግሩህ ይፈልጋሉ» አለች ካሜራውን እየመለሰች። «እና ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ሳትሰስት አንሳ። የካሜራው ካርድ እስኪሞላ።»

ገባው። የጠፋ ፎቶ ወዲያው እንደማይሞት ያስተማራት ራሱ ነው። ሌላ ፎቶ እስኪተኛበት ድረስ ካርዱ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ካርዱን አውጥቶ ያስቀመጠ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ በኮምፒውተር ሊመልሰው ይችላል። አንድ ባዶ ካርድ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ። ለመቀየር ጫማ የማሰርን ያህል ጊዜ እንኳ አይፈጅም።

«ሁላችሁም ወደዚህ! ፀሐይዋ ጥላን ልትገባ ነው!» ብሎ ጮኸ አጎትየው።

ሰዉ እየተሳሳቀ፣ እየተገፋፋ ውኃው ዳር ተሰበሰበ። ሙሽራው ሙሽራዋን ተሸከማት። የሆቴሉ ባለቤት መነጽራቸውን አውልቀው መሐል ቆሙና ፎቶ አንሺውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩር ብለው አዩት።

«በል እንግዲህ ባለሙያው፣ እጅህን እንየው።»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ካርዱን በጨርቁ ላይ ዳሰሰው። ጨርቁ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ነው። አሸዋው ጠርዝ ላይ እናቲቱ በአንድ እግሯ ቆማ ጫማዋን ታደርጋለች፤ ከመሄዷ በፊት ሲነሱ ልታይ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራለች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ፌስታሏን ከፍ አድርጋ፣ ሰኞ ለማለት፣ ወዘወዘችለት።

ፎቶ አንሺው እጁን ከኪሱ ላይ አነሳ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። «ወደዚህ እዩ። አንድ፣ ሁለት…»

አነሳ። ደግሞ አነሳ። ፀሐይዋ ውኃው ውስጥ እስክትሰጥም ድረስ ጣቱን ከማንሻው አላነሳም፤ አንዱም ባዶ አልነበረም።