ቀይዋ ነጥብ

ሰው ጋለሪዬ የሚመጣው ሥዕል ሊገዛ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሚመጣው ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ሊያነሳ ነው። አንስቶ ሲያበቃ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ይጠይቅና ውልቅ ይላል።

ባለቤቴ መላ አመጣች። «የተሸጠ ሥዕል ሥር ቀይ ነጥብ ትለጥፉ የለ? ባይሸጥም አንዱ ሥር ለጥፍ። ሰው ሌላው የገዛውን ሲያይ ነው የሚጎመጀው።» እኔም አላቅማማሁም፤ በሩ ትይዩ በተሰቀለው ትልቁ የዝናብ ሥዕል ሥር ለጠፍኩ።

ገዢ ዝር አላለም። የመጡት ራሳቸው ሠዓሊው ናቸው። ጋሼ ነጥቧን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ተሸጠ?»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ደግሞ መልሴን መች ጠበቁ፤ እዚያው ቆመው ለሚስታቸው ደወሉ። «አንቺ፣ ዝናቡ ተሸጠ!» የሴትዮዋ የደስታ ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«ለመሆኑ ማነው የገዛው?» አሉኝ ስልኩን ዘግተው።

«አንድ ሰው ነው» አልኩ። ምን ልበል?

«ዕድሜ ይስጠው!» ብለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ልጄ፣ በቃኝ ብዬ ትቼው ነበር እኮ። ብሩሾቼን ሁሉ ለጎረቤት ልጆች አድያቸው ነበር። አሁኑኑ ሄጄ እቀበላቸዋለሁ።»

እውነቱን ልነግራቸው ተከትያቸው ወጣሁ። እኚያ ሁልጊዜ ጉልበቴን አመመኝ የሚሉት ሰውዬ መንገዱን ተሻግረው ይሮጡ ነበር።